እህ

ከቃሊቲ ስንወጣ፣ በኋላ ወንበር፣ አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ፣
ሬዲዮው ሞቷን አወራ፤ እኔ ሒሳብ ፍለጋ ኪሴ ውስጥ ተጨንቄ።
ባንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከነዳጅ ዋጋ ኋላ፣ ከኳስ በፊት፦
«አንጋፋዋ የቴሌቪዥን አዘጋጅ እማዋይሽ ደጉ…»
የቀለም ማስታወቂያ ተደረበበት።
ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ፤
ዝም አልኩ፤ መውረጃዬ በመስኮቱ ወደ ኋላ ተንከባለለ።

ያኔ አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው አጥር ሥር፣
የቀበሌው ቴሌቪዥን የብረት ሳጥን እስረኛ ነበር፤
ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለዜና ብቻ ይፈታል፣
ቁልፉ በአባ መገርሳ አንገት፣ ከክታባቸው ጋር ያድራል።
የሌሊት ፈረቃ ሴቶች ግን ቀኑ ነው ማታቸው፤
የጥጥ ብናኝ ሰፍሮ በቅንድባቸው፣
መተኛት ሲገባቸው፣
በሰባት ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ይቆማሉ፤
«አባ መገርሳ፣ ይክፈቱልን፣ ልትጀምር ነው» ይላሉ።
እሳቸውም «ደንቡ…» ብለው ይጀምራሉ፣
ደንቡን ሳይጨርሱ ይከፍታሉ።

ከሷ በፊት በዚያ መስታወት ሹም ያነባል፣ ትራክተር ያርሳል፣
ግድብ ይመረቃል፣ ጥብጣብ ይበጠሳል።
እሷ መጣች በጠራራ ፀሐይ፣ ወንበሯን አስጠግታ፣
ጠየቀች፤ ከዚያ (ይህ ነው ያልታየው) ዝም አለች፣ አፏን ዘግታ።
ዝምታው ሲረዝም፣ እንግዳው ሲቁነጠነጥ ጥቂት፣
«እህ?» ትላለች። በቃ። ሁለት ፊደል፣ የጓዳ በር የምትከፍት።

አንድ ሐሙስ አቃቂ ድረስ መጣች፣ ሽቦ እያስጎተተች።
እኛን ልጆች ከደጅ አባረሩን።
ከሠላሳ ሴት እናቴን መረጠች፣ ጮክ ብላ ስለምታወራ፤
(ጆሮዋን ማሽን በልቶት ነው፤ መስላቸው ሰው የማትፈራ።)
«ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ?» «አሥራ አራት።»
«ልጅስ?» «አንድ። ወንድ። ኳስ ያሳድዳል፤ ጫማ አይበረክትለት።»
ከግድግዳው ማዶ ማሽኖቹ ያጉተመትማሉ።
«እህ?»
የእናቴ ጣቶች አየር ላይ የሌለ ክር ይቀጥላሉ።
«ሁለት ነበሩ። ሴቷ በፈረቃዬ ሌሊት አተኮሳት፣ ሞተች።
ፈቃድ ከለከሉኝ። ጧት ስገባ፣ ጎረቤቴ አጥባ ገንዛ ጠበቀች።
ብርቄ ነበር ስሟ። ስድስት ወሯ።»

«እህ» አለች፤ አንዲት «ት» አስከትሎ፣ እህቴ ወጣች።

ከሳጥን ውስጥ ነው በሳምንቱ የሰማሁት፣ በአሥር ዓመቴ፤
የነገረችውም ለእንግዳ እንጂ ለእኔ አይደለም፣ እናቴ።
ስንት ወር በእማዋይሽ ላይ ቂም ያዝኩ፣
ሰባት ሰዓት ሲሆን ኳስ ሜዳ ዋልኩ።
አባ መገርሳ ያን ቀን ሳጥኑን ሳይቆልፉ ሄዱ።
ስለ ደንቡ ማንም አልጠየቀ።

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። ውኃ ሐሙስና እሑድ። መብራት ሄዷል።
እናቴ ከጥቁሩ መስታወት ፊት ናት፤ ጥላዋ እዚያ ውስጥ ይታያል።
ጮኼ ነገርኳት፣ ብሎኩ ሁሉ እስኪሰማ፤
«እማዋይሽ ሞተች!»
ከታች አንዲት ሴት «የማን እናት?» አለች፣ ከደረጃው ጨለማ።
እናቴ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፣
እንደ ሰው ፊት፣ ከግንባር እስከ አገጭ አበሰችው።
«ብርድ ይዟት ነበር ያን ቀን፤ ጋቢዬን ደረብኩላት።
በሳምንቱ መለሰችልኝ፤ የተቀደደው ተሰፍቶ። እኔ መቀደዱንም ያላየሁት።»
ዝም አለች።

ከመስኮቱ ወዲያ ያላለቁ ብሎኮች፣ ባዶ ዓይኖቻቸው፣
ሲሚንቶ የጫነ መኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ብርቄ አንድም ቀን አልጠየቅኋት።
ወንበሬን አስጠጋሁ። ካሜራ የለ፣ ሽቦ የለ።
የማላውቅበት ሙያ ነው። ጉሮሮዬ ደረቀ።
ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ፣ በጩኸት
(በሹክሹክታ ነበር ይህ ቃል የሚያምርበት)፦
«እህ?»

ከሁለተኛ ፎቅ ያቺ ሴት «አቤት?» አለች።
እናቴ ገና ናት። ጣቶቿ ግን ክር ይዘዋል።